ስም የማውጣት አደራ
በዝናብ ደን ውስጥ ስለ ተገኘው ስለ ሳኦላ የቀረበ ትምህርት



የኦሪት ዘፍጥረትን ሁለተኛ ምዕራፍ ለሕፃናት በምናስተምርበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመናል። እግዚአብሔር የምድር አራዊትንና የሰማይ ወፎችን ወደ አዳም እንዳመጣ፣ አዳምም ለእያንዳንዳቸው ስም እንዳወጣላቸው ነግረናቸው ስናበቃ፣ ከመካከላቸው አንዱ ይነሣና «አዳም ለሁሉም ስም አውጥቶ ከጨረሰ፣ ሳይንቲስቶች አዲስ እንስሳ አገኘን የሚሉት እንዴት ነው?» ይላል። ጠያቂው ሕፃን ቢሆንም ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት አተረጓጎም፣ ስለ ሰው ልጅ ዕውቀት ወሰን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ተሰጠን አደራ ይጠይቀናል።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ እውነተኛ ታሪክ አማካይነት እንመረምራለን። ታሪኩ የተፈጸመው ከአገራችን ርቆ፣ በቬትናምና በላኦስ ወሰን ላይ ነው፤ የሚያስተምረን ግን እኛንም ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በአዳኞች ቤት የተገኘው ቀንድ

ቬትናምና ላኦስ በሚዋሰኑበት ስፍራ የአናማይት ተራሮች ሰንሰለት ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ይገኛል። ከባሕር የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ከተራሮቹ ጋር እየተጋጨ ዝናቡን ስለሚያወርድ፣ በዚያ ያለው ደን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። ቁልቁለቱ አስቸጋሪ፣ ጥሻው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከአካባቢው ሰዎች በቀር ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ጥቂት ነበር።

በግንቦት ወር 1992 የቬትናም የደን ሚኒስቴርና ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኤፍ በጋራ ያሰማሯቸው ተመራማሪዎች ቩ ኳንግ በተባለው የደን ክልል ጥናት ያካሂዱ ነበር። በአካባቢው መንደሮች በአዳኞች ቤት ውስጥ ለመታሰቢያ የተቀመጡ ቀንዶችን ተመለከቱ። ከቀንዶቹ መካከል አንዳንዶቹ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለና ጎን ለጎን የቆሙ ነበሩ። በዚያ አገር ይኖራሉ ተብለው በመጻሕፍት ከተመዘገቡት እንስሳት የአንዱንም ቀንድ አይመስሉም። ተመራማሪዎቹ የራስ ቅሎችን፣ ጥርሶችንና ቆዳዎችን ሰብስበው መረመሩ፤ የዘር ቅንጣቱም በቤተ ሙከራ ተጠና። በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንስሳው እስከዚያ ጊዜ ሳይንስ ያላወቀው አዲስ ዝርያ መሆኑ ተገለጸ። ይህን ያህል ግዙፍ የሆነ አጥቢ እንስሳ ለሳይንስ አዲስ ሆኖ ከተመዘገበ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ስለ ነበር ዜናው ብዙዎችን አስደነቀ።

ይህ እንስሳ ሳኦላ ይባላል። ትከሻው ላይ ሲለካ ቁመቱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ጠጉሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን በፊቱ ላይ ነጫጭ ምልክቶች አሉት። ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው፤ ቀንዱም እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሳይንቲስቶቹ የሰጡት የላቲን ስም «ሳላ መሳይ» እንደ ማለት ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላን ያያችሁ፣ የእነዚያን ረጃጅም ቀንዶች መልክ ልብ ብላችሁ ከሆነ ስያሜው ከየት እንደ መጣ ይገባችኋል። ይሁንና የዘር ጥናቱ እንዳመለከተው ሳኦላ ከሳላ ይልቅ ለከብትና ለጎሽ ወገን የሚቀርብ ነው። ሳላና ሳኦላ በድምፅ መቀራረባቸውም የአጋጣሚ ነገር እንጂ ዝምድና የላቸውም።

2. «ተገኘ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከሁሉ አስቀድመን ልናስተውለው የሚገባን ነገር ቀንዶቹ የተገኙት ከሰው ቤት መሆኑን ነው። እንስሳው ለዓለም መጽሔቶች አዲስ ይሁን እንጂ ለመንደሩ ሰዎች አዲስ አልነበረም። አባቶቻቸው ያውቁት ነበር፤ ስምም ነበረው። ሳኦላ የሚለው ስም የተወሰደው ከራሳቸው ቋንቋ ሲሆን፣ ፈትል በሚፈተልበት መዘውር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙትን ሁለት እንጨቶች ያመለክታል። ስሙ እንግዲህ የተወሰደው ከፈታዮች የዕለት ሥራ ነው። በላኦስ በኩል የሚኖሩ የሕሞንግ ሰዎች ደግሞ «ትሑቱ እንስሳ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠሩታል፤ በጫካው ውስጥ ኮሽታ ሳያሰማ በዝግታ ስለሚሄድ ነው።

ይህ ዓይነት ታሪክ በአፍሪካም ተፈጽሟል። በኮንጎ የኢቱሪ ዝናብ ደን የሚኖረው ኦካፒ ለሳይንስ የታወቀው በ1901 ነው፤ የደኑ ነዋሪዎች ግን ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር። በእኛም አገር በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1910 ነው። ብዙዎቻችን ምስሉን በ10 ሳንቲም ላይ አይተነዋል። የባሌና የአርሲ እረኛ ግን ማንም ሳይነግረው ጥንትም ያውቀው ነበር።

እንግዲህ «ተገኘ» የሚለው ቃል የፍጥረቱን መጀመሪያ አይገልጽም፤ የእኛን አለማወቅ ማብቂያ ይገልጻል እንጂ። ይህን ማለታችን የሳይንቲስቶቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም። የተበታተነውን ዕውቀት ሰብስበው፣ መርምረውና አረጋግጠው ለሰው ልጅ ሁሉ እንዲደርስ አድርገዋል። ነገር ግን ዕውቀታቸው የጀመረው የድሀ አዳኝን ቤት አንኳኩተው በመግባታቸውና በማዳመጣቸው ነው። ለእኛ ለመምህራን ይህ ታላቅ ትምህርት ነው። የምናስተምረው ሰው እኛ የማናውቀውን ሊያውቅ ይችላልና።

3. አዳም ስም ሲያወጣ

አሁን ወደ ሕፃኑ ጥያቄ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ስለ መለኮታዊ ግልጸት ባወጣው ሰነድ እንዳብራራው፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ስናነብ ጸሐፊው የተጠቀመበትን የአጻጻፍ ስልት መለየት ይገባናል። የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፎች የእንስሳት መዝገብ አይደሉም። ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሰውና ስለ ፍጥረት ለመዳናችን የሚያስፈልገውን እውነት በምሳሌያዊ አነጋገር ያስተምሩናል። በመሆኑም አዲስ ዝርያ መገኘቱ የመጽሐፍን ቃል አያፈርስም። እንዲያውም ለአዳም የተሰጠው ሥራ እስከ ዛሬ እንዳልተፈጸመ ያሳያል።

ስም ማውጣት ምን እንደ ሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በሚገባ እናውቃለን። ሕፃን በሚጠመቅበት ቀን የክርስትና ስም ይሰጠዋል። በዚያች ሰዓት የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት አጠገቡ ይቆማሉ። ስሙ በተጠራ ጊዜ ልጁ የእነርሱ ንብረት አይሆንም፤ እነርሱ ግን የልጁ ባለ ዕዳ ይሆናሉ። ቢታመም ይጠይቁታል፤ ከእምነቱ ቢርቅ ይመልሱታል። እንደዚሁም አዳም እንስሳትን በስም ሲጠራ እንደ ገዛ ዕቃው አልቆጠራቸውም፤ በኃላፊነት ተቀበላቸው እንጂ። ይህም በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቀደም ብሎ ሰው በገነት የተቀመጠው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ መሆኑ ከተነገረው ጋር ይስማማል።

ስለሆነም ለሕፃኑ እንዲህ ብለን ልንመልስለት እንችላለን፦ «ልጄ ሆይ፣ አዳም ማለት እኛም ነን። እግዚአብሔር እስከ ዛሬ ድረስ ፍጥረቱን ወደ እኛ እያመጣ ምን ብለን እንደምንጠራው፣ እንዴትም እንደምንይዘው ይመለከታል።»

4. ሰው ያላየው፣ እግዚአብሔር የሚያየው

በመጽሐፈ ኢዮብ 39ኛ ምዕራፍ ላይ እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ዱር ፍየሎች አወላለድ ይጠይቀዋል። ኢዮብ በገደል መካከል የሚወልዱትን እንስሳት አላዋለደም፤ የእርግዝናቸውን ወራትም አልቆጠረም። እግዚአብሔር ግን ያውቃቸዋል። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ በርካሽ ዋጋ የምትሸጥ ወፍ እንኳ ያለ አባታችን ፈቃድ እንደማትወድቅ አስተምሮናል።

ሳኦላ ከ1992 በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት በጭጋጋማው ደን ውስጥ ኖሯል፤ ወልዷል፤ ከምንጩም ጠጥቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም ነበር። ታዲያ ሕይወቱ ከንቱ ነበርን? አልነበረም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ እንዳስተማረው፣ የእግዚአብሔርን ቸርነት አንድ ፍጥረት ብቻውን ሊገልጸው ስለማይችል ፈጣሪ ብዙና ልዩ ልዩ ፍጥረታትን አደረገ፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላው ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2015 «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው፣ በእኛ ምክንያት የሚጠፉ ዝርያዎች ከእንግዲህ በህልውናቸው ፈጣሪን ሊያከብሩ እንደማይችሉ፣ ይህንንም የማድረግ መብት እንደሌለን አሳስበዋል። እንስሳ ክብሩን የሚያገኘው ለእኛ በሚሰጠው ጥቅም ብቻ አይደለም። የፈጠረው ስለ ወደደው ነው።

5. ለሌላ የተዘረጋ ወጥመድ

ውድ አንባብያን፣ የታሪኩ አሳዛኝ ክፍል ከዚህ ይጀምራል።

በ1996 በላኦስ አንዲት ሴት ሳኦላ ተይዛ ላክ ሳኦ በተባለች ከተማ በነበረ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ተቀመጠች። ዊልያም ሮቢሾ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በቅርብ ሆኖ ተመለከታት። ከዱር የመጣች ብትሆንም ሰውን አልፈራችም፤ ከእጅ ትበላ፣ ሲነኳትም ትታገሥ ነበር። የምትፈራው ውሻን ብቻ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተች፤ ሆዷ ሲከፈትም እርጉዝ መሆንዋ ታወቀ። በ1999 በደን ውስጥ የተተከሉ ካሜራዎች ሳኦላን ፎቶግራፍ አነሡ። በመስከረም 2013 በማዕከላዊ ቬትናም የተተከለ ካሜራ አንድ ሳኦላ በፊቱ ሲያልፍ ቀረጸው። ከዚያ ወዲህ የተረጋገጠ ፎቶግራፍ አልተገኘም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እንስሳውን እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መካከል መድቦታል። የቀሩት ከ100 እንደማይበልጡ ይገመታል። በየትኛውም አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንድም የለም።

የጥፋቱ ዋና ምክንያት የሽቦ ሸምቀቆ ነው። ከብስክሌትና ከሞተር ብስክሌት የፍሬን ሽቦ የሚሠራው ይህ ሸምቀቆ ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው በመቶ የሚቆጠር ሊዘረጋ ይችላል። በሑዌና በኳንግ ናም በሚገኙት የሳኦላ ጥብቅ ደኖች ውስጥ ከ2011 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ብቻ ጠባቂዎች ከ100,000 በላይ ወጥመዶችን ነቅለዋል። በነቀሉበት ሌላው መልሶ ይተክላል።

ሆኖም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ወጥመዶች የተዘረጉት ለሳኦላ አይደለም። ሳኦላ በባሕል መድኃኒት ዘንድ እንደ ሌሎቹ አራዊት የሚፈለግ አይደለም። ወጥመዱ የሚጠመደው ለከርከሮ፣ ለትንንሽ አጋዘኖችና ለመሰሎቻቸው ሲሆን፣ ሥጋቸው በከተማ ምግብ ቤቶች በውድ ዋጋ ይሸጣል። ሸምቀቆው ግን የሚይዘውን አይመርጥም። ትሑቱ እንስሳ ማንም ሳይፈልገው ይሞታል።

ከዚህ ላይ «ማንም ሳኦላን ሊገድል ስላላሰበ ኃጢአት የለም» የሚል ይኖር ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያስተምረንም። በኦሪት ዘጸአት 21ኛ ምዕራፍ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ገብቶ ቢሞትበት እንዲከፍል ታዟል። ሰውየው በሬውን ለመግደል አልቆፈረም፤ ጉድጓዱን ግን ክፍት ትቶታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 1736፣ ሰው ሊያውቀው ወይም ሊያደርገው ይገባው የነበረውን ነገር ችላ በማለቱ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል። «አላሰብኩም» ማለት ሁልጊዜ ነጻ አያወጣም፤ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ራሱ አለማሰብ ነውና።

ይህን ስንል በድሀው የተራራ ገበሬ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ሸምቀቆውን የሚዘረጋው እርሱ ቢሆንም ዋጋውን የሚከፍለው በከተማ በማዕድ የተቀመጠው ባለጠጋ ነው። ከጠባቂዎቹም ብዙዎቹ በየቀኑ ቁልቁለቱን እየወጡና እየወረዱ ሽቦ የሚነቅሉ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። እኛም እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ለአንዱ ብለን የዘረጋነው፣ ሌላውን የያዘብን ወጥመድ የለምን? ለቀልድ የተናገርነው ሐሜት፣ ለጊዜው ብለን በወንዝ ዳር የጣልነው ቆሻሻ፣ ለከሰል ብለን ሳንተካ የቆረጥነው ዛፍ ማንን እንደ ጎዳ ተመልሰን አይተናልን?

6. ተስፋ አለን?

ተስፋን ከሚያስተምሩን ታሪኮች አንዱ ከአንድ ካህን ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው አባ አርማን ዳቪድ የላዛሪስት ማኅበር አባል ነበሩ። ይህም በአገራችን በሐዋርያነት የደከሙትና በ1860 ያረፉት የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ማኅበር ነው። አባ ዳቪድ በቻይና ሲያገለግሉ በ1869 ግዙፉን ፓንዳ ለምዕራቡ ሳይንስ አሳወቁ። ከዚያ በፊት በ1865 ከቤይጂንግ በስተደቡብ በነበረው የንጉሠ ነገሥቱ አደን ቦታ በአጥሩ ላይ አሻግረው ያዩት አጋዘን ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህ አጋዘን በቻይና በጎርፍና በጦርነት ምክንያት ፈጽሞ ጠፋ። ይሁን እንጂ ቀደም ብለው ወደ አውሮፓ ከተወሰዱት ጥቂቶቹ በእንግሊዝ አገር በአንድ መስፍን ርስት ላይ ተጠብቀው ተራቡ፤ በ1985ም ዘሮቻቸው ወደ ቻይና ተመለሱ። ጥቂቶች ቢቀሩም ጠባቂ ካላቸው መንጋ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለሳኦላ ግን ቀደም ብሎ የተጠበቀ መንጋ የለም። ተመራማሪዎች የቀሩትን ፈልገው ለማግኘትና በጥበቃ ሥር ለማራባት ይጥራሉ። በ2025 የታተመ የዘር ጥናት በአዳኞች ቤት ከቀሩ አጥንቶችና ቆዳዎች የ26 ሳኦላዎችን ዘር መርምሮ፣ በሁለት የተለያዩ ወገኖች እንደሚከፈሉና አንዱ ያጣውን ሌላው እንደያዘ አሳይቷል። ሁለቱ ቢገናኙ ዝርያው ሊበረታ ይችላል ማለት ነው። መጀመሪያ ግን በሕይወት ያሉት መገኘት አለባቸው። በአዳኝ ቤት በተገኘ ቀንድ የጀመረው ታሪክ በአዳኝ ቤት በቀረ ቀንድ ብቻ እንዳይፈጸም ጊዜው አጭር ነው።

7. ለየቁምስናችን

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚህ ሩብ ዓመት የሚከተለውን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን። ሕፃናቱ ከአያቶቻቸው ዘንድ ሄደው በአካባቢያቸው የሚገኙ ወይም ቀድሞ ይገኙ የነበሩ የዱር እንስሳትንና የአገር በቀል ዛፎችን ስም፣ በአካባቢው ቋንቋ ጠይቀው ይጻፉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ዝርዝሩ ይነበብ። «ዛሬስ አለ?» ተብሎ በእያንዳንዱ ስም ላይ ይጠየቅ። የጠፉት ስሞች ሲነበቡ በጸጥታ ይደመጡ፤ ስላሉት ደግሞ ምስጋና ይቅረብ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
ሀ. አዳም ለእንስሳት ስም ማውጣቱ በጥምቀት ጊዜ ከሚሰጠው ስም ጋር እንዴት ይዛመዳል?
ለ. ዘጸአት 21፥33-34ን አንብቡ። በመንደራችን ሳይከደን የተተወ «ጉድጓድ» ምንድን ነው?
ሐ. ድሀው ከዱር እንስሳ ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኝ ቁምስናችን ምን ሊያደርግ ይችላል?

በመጨረሻም እንጸልይ፦ ሰማይንና ምድርን የፈጠርህ አምላካችን ሆይ፣ እኛ የማናውቃቸውን አንተ ታውቃቸዋለህ፤ እኛ ያላየናቸውን አንተ ትመግባቸዋለህ። ስማቸውን እንድናውቅ ያደረግኸን እንድንጠብቃቸው ነውና፣ ያላሰብነውን ጥፋታችንን ይቅር በለን፤ የዘረጋነውንም ወጥመድ የምንነቅልበትን ብርታት ስጠን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።